ደመወዝዎ በዕዳ ሊቆረጥ ነው? ጅማ ላለ ደመወዝተኛ የትኛው መንገድ ይሻላል

ጅማ ውስጥ ስለ ዕዳ ከደመወዝተኛ ጋር ሲያወሩ፣ ወሬው ብዙ ጊዜ «ለሰው ዋስ ሆኜ እኮ ነው» ብሎ ይጀምራል። ተበዳሪው ከከተማ ወጥቷል። ወይም ንግዱ ከስሯል። ወይም ስልክ አያነሳም። አበዳሪው ደግሞ ወር ሲሞላ ገንዘብ የት እንደሚገባ ያውቃል። ስለዚህ መምህሯ ጋ፣ ነርሱ ጋ፣ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ጋ ይሄዳል። አንድ ቀን ለመሥሪያ ቤቱ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይደርሳል። ከዚያ ወር ጀምሮ ደመወዙ ጎድሎ ይወጣል።

ውጭ አገር እንዲህ ያለ ቆረጣ በብዛት ከክሬዲት ካርድ ዕዳ ጋር ይያያዛል። የእኛ የኤቲኤም ካርድ ያለንን ያወጣል እንጂ አያበድርም። እዚህ ጣጣው የሚመጣው ከባንክ ብድር፣ ከቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ከግለሰብ ብድርና በተለይም ከዋስትና ነው።

ትእዛዙ ለመጣበት ወይም ሊመጣበት ለተቃረበ ሰው ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ ላወዳድር። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ለብዙ ሰው የሚሻለው ወለድን የሚያስቆምና በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የሰፈረ ስምምነት ነው። ግን መጥሪያ ሳይደርስዎ ተፈርዶብዎት ከሆነ፣ ወይም የዋስትና ወረቀቱ ጉድለት ካለው፣ ከድርድር በፊት ክርክር ይቀድማል።

መጀመሪያ ጣሪያውን ይወቁ

ለድርድር የሚቀመጥ ሰው ሕጉ እስከምን ድረስ እንደሚፈቅድ ማወቅ አለበት። በግል ድርጅት የሚሠሩ ከሆነ የሚመለከትዎ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በአንቀጽ 59 መሠረት አሠሪ ከደመወዝ መቁረጥ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ደግሞ በምንም ሁኔታ ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም።

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሕግ ለሚደረግ ቆረጣ ያንኑ የአንድ ሦስተኛ ገደብ ያስቀምጣል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም እንዲሁ የደመወዝን ሁለት ሦስተኛ ከዕዳ ይጠብቃል። ጡረታና ቀለብም ለዕዳ እንዳይያዙ ይከለክላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። የመንግሥት ሠራተኛ በፈቃዱ በጽሑፍ ሲስማማ የአንድ ሦስተኛው ገደብ እንደ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ አይጠብቀውም። «እዚች ጋ ፈርሙ፣ ቶሎ ይለቅልዎታል» ሲባሉ ቁጥሩን ሳያዩ አይፈርሙ። ግማሽ ደመወዝዎን በገዛ ፊርማዎ አሳልፈው ሊሰጡ ይችላሉ።

ከደመወዝዎ ሌላ ቆረጣ ካለ፣ ለምሳሌ የልጅ ቀለብ ወይም የማኅበር ብድር፣ ይህንንም ለፍርድ ቤቱ ያሳውቁ። ዳኛው የሚያየው መዝገቡ ላይ ያለውን ነው። የሦስት ወር ፔሮል ቅጂ ከፋይናንስ አስወጥተው ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ።

ዝም ብሎ ማስቆረጥ ወይስ መስማማት?

ብዙ ሰው የሚመርጠው ዝምታን ነው። «ይቁረጡት፣ አንድ ቀን ያልቃል» ይላል። ይህ ሁልጊዜ መጥፎ ምርጫ ነው አልልም። ቆረጣው ገደብ አለው፣ በየወሩ ቢሮ መመላለስ የለም፣ ክፍያ ረሱ የሚልዎት የለም። ዕዳው ትንሽ ከሆነና ወለዱ ቆሞ ከሆነ ይሁን፣ ይቆረጥ።

ችግሩ ወለዱ እየሄደ ከሆነ ነው። በቁጥር እንየው። ዕዳው 96,000 ብር፣ ደመወዙ 12,000 ብር ነው እንበል። አንድ ሦስተኛው 4,000 ብር ይሆናል። ወለድ ከሌለ በ24 ወር ያልቃል። በዓመት 18 በመቶ ወለድ በቀሪው ዕዳ ላይ እየታሰበ ከሆነ ግን 30 ወር ይፈጃል። በጠቅላላው ወደ 120,000 ብር ይከፍላሉ።

አሁን ደግሞ ከአበዳሪው ጋር ተነጋግረው በወር 2,500 ብር ለመክፈል ተስማሙ። ትከሻዎ የቀለለ ይመስላል። ወለዱ በዚያው 18 በመቶ ከቀጠለ ግን ክፍያው ወደ 58 ወር ይሄዳል። ጠቅላላው 144,000 ብር ይደርሳል። በመጀመሪያው ወር ከከፈሉት 2,500 ብር ውስጥ 1,440ው ለወለድ ብቻ ነው የሚሄደው።

ወለዱን ካስቆሙ ግን ያው 2,500 ብር በ39ኛው ወር ዕዳውን ይዘጋል። የሚከፍሉት 96,000 ብር ብቻ ነው። ልዩነቱ 48,000 ብር ነው፤ በምሳሌያችን ደመወዝ የአራት ወር ሙሉ ደመወዝ ማለት ነው።

እንግዲህ ድርድር ማለት የወር ክፍያን ማሳነስ ብቻ እንዳይመስልዎት። ሲቀመጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ወለዱና ቅጣቱ ከዛሬ ጀምሮ ይቁምልኝ» ይሁን። ሁለተኛው «የተጠራቀመው ቅጣት ይነሳልኝ»። የወር ክፍያው መጠን ሦስተኛ ነው። እኔ ባየሁት ሰዎች በተቃራኒው ይጀምራሉ። የወር ክፍያው ሲቀነስላቸው ደስ ብሏቸው ይፈርማሉ፤ ስለ ወለድ የሚያነሳ የለም።

አበዳሪው ለምን ይስማማል? በፍርድ ቤት በኩል በየወሩ የሚያገኘው ውስን ነው። ሠራተኛው ሥራ ቢለቅ ደግሞ ቆረጣው ይቋረጣል። በአንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ ሲያይ ልቡ ይራራል። እዚህ ላይ ጅማ የራሷ ጥቅም አላት። ከጎማ ወይም ከሊሙ በኩል የቤተሰብ ቡና ያለው ሰው ለቅሞ የሚሸጥበት ጊዜ አለው። «እስከ ጥር በወር ይህን ያህል እከፍላለሁ፤ ቡናው ሲሸጥ ደግሞ 30,000 በአንዴ አስገባለሁ፤ እናንተም ቅጣቱን ሰርዙልኝ» የሚል ሐሳብ ከባዶ ልመና በጣም ይበልጣል። እቁብ የሚወጣበት ወርም እንደዚሁ ሊያገለግል ይችላል። ግን የማይደርሱበትን ቀን አይጥቀሱ። ስምምነት ከፈረሰ ሁለተኛ ዕድል ማግኘት ከባድ ነው።

ቅርንጫፍ ሄደው ሲነጋገሩ መስኮት ላይ ካለው ሠራተኛ ጋር አይጨርሱ። የብድር ክፍሉን ኃላፊ ወይም የሕግ ክፍሉን ያነጋግሩ። ሐሳብዎን በደብዳቤ ያስገቡ፤ ቅጂው ላይ «ገቢ» አስመትተው ይያዙ። የቃል ስምምነት ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ስምምነቱ ሲደረስ ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት ይዘውት ይሂዱ። ክስ ተጀምሮ ከሆነ፣ አልፎም አፈጻጸም (ፍርዱ የሚፈጸምበት ደረጃ) ላይ ቢደርስ፣ ተከራካሪዎች ታርቀው ስምምነታቸውን በመዝገቡ ላይ ማስመዝገብ ይችላሉ። መዝገብ ላይ የሰፈረ ስምምነት ሁለቱንም ወገን ያስራል። አበዳሪው ነገ ተነስቶ የሰረዘውን ቅጣት ሊቆጥርብዎ አይችልም። እርስዎም ካቋረጡ እንደ ፍርድ ይፈጸምብዎታል። ያን አውቀው ይግቡ።

መከራከር የሚያዋጣው መቼ ነው?

ክርክር ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ዕዳው የራስዎ ከሆነና ሒሳቡም ትክክል ከሆነ መከራከር ወለድ ማብዛት ነው። የሚከተሉት ካሉ ግን ሳይከራከሩ አይፈርሙ።

አንደኛው፣ ሳይሰሙ የተፈረደብዎት ከሆነ ነው። መጥሪያው ወደ ድሮ አድራሻ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ወይም ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ይሆናል። ሕጉ በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ፍርዱን ካወቀ ጀምሮ ባለው አንድ ወር ውስጥ ፍርዱ እንዲነሳለት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ብዙ ሰው ፍርዱን የሚያውቀው ደመወዙ ሲጎድል ነው። ከዚያ «ማን ቆረጠብኝ?» እያለ ከፋይናንስ ወደ ሰው ኃይል ሲመላለስ ወሩ ያልቅበታል። የትእዛዙን ቁጥርና የፍርድ ቤቱን ስም ዛሬውኑ ይጻፉ። መዝገብ ቤት ሄደው የፍርዱን ግልባጭ ይጠይቁ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሁለተኛው የዋስትናው ወረቀት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተጠቀሰ ደግሞ ዋስትናው ዋጋ የለውም ይላል (አንቀጽ 1922)። እንግዲህ ውልዎን ያውጡና ቁጥሩን ይፈልጉ። «ለሚወስደው ብድር ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ወረቀት ላይ መጠን ከሌለ፣ ይህን ለዳኛ ማሳየት አለብዎት። መጠኑ ካለ ደግሞ የተጠየቁት ከዚያ በላይ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ።

ሦስተኛውም ከዚሁ ውል ይወጣል። «በአንድነትና በነጠላ» ዋስ ነኝ ብለው ፈርመው ከሆነ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ እርስዎን ሊከስ ይችላል። የታተሙ የብድር ቅጾች ላይ ይህ ሐረግ በብዛት አለ፤ ፈራሚው ግን አያነበውም። ሐረጉ ከሌለ ተራ ዋስ ነዎት። ያኔ «መጀመሪያ የባለዕዳው ንብረት ይታይልኝ» ብለው የመከራከር መብት አለዎት። ተበዳሪው አጋሮ ላይ ቤት ወይም መኪና እንዳለው የሚያውቁ ከሆነ፣ ይህ መብት ደመወዝዎን ሊያድን ይችላል። በመጀመሪያው መልስዎ ላይ ያንሱት፤ ለኋላ አያቆዩት።

ባለትዳር ሆነው የትዳር ጓደኛዎ ሳይስማሙ ዋስ ገብተው ከሆነም ለጠበቃው ይንገሩት። ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

አራተኛው ሒሳቡ ነው። የከፈሉት ሁሉ ተቀንሷል? ወለዱ በውሉ ላይ ባለው መጠን ነው የታሰበው? የግለሰብ ብድር ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም በምስክር ቃል ብቻ አይረጋገጥም፤ ጽሑፍ ይጠየቃል። በባዶ ወረቀት አስፈርሞ ኋላ ቁጥር የሚሞላ አበዳሪ ገጥሞዎት ከሆነ ያው የአራጣ ነገር ነው። አራጣ በወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑን አይርሱ።

ስለ ቋንቋ ሳልናገር አላልፍም። ጅማ ያሉ የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ የሚያዘጋጅለት ሰው ያስፈልገዋል። ችሎት ላይም አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ይህ ነውር የለውም። በደንብ ያልገባዎትን ነገር «እሺ» ብለው መውጣት ግን በኋላ ያስከፍላል። ፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ለቀላል ነገር ይበቃሉ። የዋስትና ክርክር ግን የጠበቃ ሥራ ነው። ለጠበቃ የማይደርሱ ከሆነ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷልና እዚያ ይጠይቁ። በተለይ የአንድ ወሩ ጊዜ እየሮጠብዎት ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይሂዱ።

ሌላ ብድር ወስዶ መዝጋት

ይህ እንደ አበዳሪው ይለያያል። የመሥሪያ ቤትዎ የቁጠባና ብድር ማኅበር በአነስተኛ ወለድ የሚያበድር ከሆነ፣ በ18 በመቶ የሚሄደውን ዕዳ በእሱ መዝጋት ብልህነት ነው። ግን የማኅበሩም ክፍያ ከደመወዝ የሚቆረጥ ነው፤ ሁለት ቆረጣ በአንድ ላይ እንዳይሄድ የመጀመሪያው መዘጋቱን ያረጋግጡ። እቁብ ወለድ የለውም፤ ዕጣው ቀድሞ እንዲሰጥዎ የእቁቡን ዳኛና አባላቱን ማነጋገር ይቻላል። ሰው ሲቸገር ዕጣ መለዋወጥ የተለመደ ነው። ቤተሰብም አለ።

የስልክ ብድርን ግን ለዚህ አልመክርም። ቴሌብር መላን የመሳሰሉት አገልግሎቶች ለአጭር ጊዜ ክፍተት የተሠሩ ናቸው። ሁለት ዓመት የሚፈጅን ዕዳ በወራት ውስጥ በሚመለስ ገንዘብ መሸፈን አይቻልም። በየወሩ አንዱን በሌላው እየዘጉ ክፍያው ብቻ ይደራረባል።

የአራጣ ብድርን ከዚህ ዝርዝር አውጥቼዋለሁ። የፍርድ ቤት ቆረጣ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን ይተውልዎታል። አራጣ አበዳሪ ምንም አይተውም።

ሥራ መልቀቅ

«ሥራዬን ብለቅ ምን ይቆርጣሉ?» የሚል ሰው አለ። ዕዳው አይሰረዝም። ወለዱም አይቆምም። በገንዘብ የተፈረደበት ሰው ቤት፣ መኪናና የባንክ ሂሳብ በአፈጻጸም ሊያዙ ይችላሉ። የነጋዴ ኪሳራ ሥርዓት ደግሞ ለደመወዝተኛ አልተሠራም። ቋሚ ገቢዎ ለድርድርም ያለዎት ዋነኛ ጉልበት ነው፤ እሱን አይጣሉ።

ዋስ ሆነው ለከፈሉ

ይህን ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል፤ ያሳዝነኛል። ዋስ የከፈለውን ከዋናው ባለዕዳ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። በአበዳሪው ቦታ ተተክቶም፣ አበዳሪው በባለዕዳው ላይ የነበሩትን መብቶች ይዞ መሄድ ይችላል። ብድሩ መያዣ ነበረው? እንግዲያስ ያንን መያዣ በተመለከተ ምን መጠየቅ እንደሚችሉ ጠበቃዎን ይጠይቁ።

ለዚህ ማስረጃ ያስፈልጋል። በየወሩ የተቆረጠውን የሚያሳይ ፔሮል ያስቀምጡ፤ በፍርድ ቤቱ በኩል የገባበትን ደረሰኝም እንዲሁ። ሌሎች ዋሶች ካሉ ድርሻቸውን መጠየቅ ይቻላል። ተበዳሪው ዘመድ ወይም ጎረቤት ከሆነ ክስ ይከብዳል፤ ይገባኛል። ቢያንስ በሽማግሌ ፊት «ይህን ያህል አለብኝ፣ በዚህ ጊዜ እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት ያስፈርሙት። ሽማግሌዎቹ እማኝ ሆነው ይፈርሙ። አንዳንዱ ሰው መክሰሻ ወረቀት መኖሩን ሲያይ ራሱ መክፈል ይጀምራል።

ወንድምዎ አሜሪካ ከሆነ

ከውጭ የሚላክልን ገንዘብ በድንገት ሲቀንስ «ደመወዜ በክሬዲት ካርድ ዕዳ ተቆረጠ» የሚል ወሬ እንሰማለን። የእዚያ ሕግ ሌላ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት ለእንዲህ ዓይነት ዕዳ የሚቆረጠው፣ ግብርና ሌሎች የሕግ ተቀናሾች ከወጡለት ደመወዝ 25 በመቶ፣ ወይም የሳምንቱ ገቢ ከፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ (7.25 ዶላር) 30 እጥፍ በላይ የሆነው ክፍል ነው። ከሁለቱ ያነሰው ይወሰዳል። ቴክሳስ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ሰሜን ካሮላይናና ደቡብ ካሮላይና ለካርድ ዕዳ ደመወዝ መቁረጥን በአብዛኛው አይፈቅዱም። እዚያ ደመወዝተኛም የኪሳራ ማመልከቻ ማስገባት ይችላል፤ ሲያስገባ ቆረጣው ይታገዳል። አንድ ነገር ግን ከእኛ ጋር ይመሳሰላል፦ መጥሪያውን ችላ ያለ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል።

ከፍለው ሲጨርሱ

ዕዳው ሲያልቅ ቆረጣው በራሱ ይቆማል ብለው አያስቡ። ፋይናንስ ክፍል የሚያቆመው ሌላ ትእዛዝ ሲደርሰው ነው። የመጨረሻው ክፍያ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ከአበዳሪው የዕዳ ማጠናቀቂያ ደብዳቤ ይጠይቁ። ከዚያ ለፍርድ ቤቱ አመልክተው የአፈጻጸም መዝገቡ እንዲዘጋ ያድርጉ። ለመሥሪያ ቤትዎ የሚጻፈውንም የማቆሚያ ትእዛዝ ራስዎ ተከታትለው ያድርሱ። አበዳሪው ባንክ ከሆነ በብድር መረጃ ቋት ላይ ያለው ስምዎ እንዲስተካከል በጽሑፍ ይጠይቁ። ዋስ ከነበሩ ደግሞ ዋስትናው መቅረቱን የሚገልጽ ወረቀት ይውሰዱ፤ ተበዳሪው በዚያው ውል ሌላ ብድር እንዳይጨምርበት።